ርዕስ የለውም

ሠላሳ አንድ ዓመት ለባቡር ፋኖስ ያዝኩ፣
በሌትም በቀትርም ሐዲዱ ዳር ቆምኩ።
ቀዩ ቁም ነበረ፣ አረንጓዴው እለፍ፣
ቢጫው ቀስ በል ነበር፤ የለውም ሌላ ትርፍ።
ቀለም ትእዛዝ ነበር፤ አንዴ የሳተ ሰው
ፉርጎ ይገለብጣል፤ ማን ሊመልሰው?

አሁን ያ ባቡር የለም። እኔ ግን አለሁኝ፤
ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ አዳራሽ ቀጠሩኝ፤
ሥዕል እጠብቃለሁ።

ኢፍራህ የምትባል የሳቢያን ልጅ የሳለችው
አንድ አለ፣ ከበር የሚሰፋ፤
ዳር እስከ ዳር ቀይ፣
ወገቡ ላይ ግራጫ ጭረት፣ በስለት የተፋቀ፣
ጥግ ላይ ደግሞ ሰማያዊ፣ ጥፍር የምታህል።
ከሥሩ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ርዕስ የለውም።»
መጀመሪያ ቀን ሳየው እግሬ ቀጥ አለ፣
እጄ ፋኖስ ፈለገ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቀልድ አይደለም።

ሰው ይገባል፤ «አባባ፣ ምንድን ነው?» ይለኛል፣
የደበቅኩት ይመስል ኪስ ኪሴን ያየኛል።
ጫት ነጋዴዋ ረምላ ብዙም አልቆየች፤
«ታይዋን የምንዘረጋው ሸራ ነው፣ ፀሐይ የበላው»
ብላ እየሳቀች ወጣች።
እኔ ግን ያንን ሸራ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው።
በገበያው ሳልፍ ቀና እላለሁ።

መሪጌታ እሱባለው ሰዓት ሙሉ ቆሙ፣
«ታዲያ ወርቁ የታለ፣ ይኸ ቀለም ሰሙ?»
ከግራ ከቀኝ ሊፈቱት ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው።
«ሰሙም እኮ ይበራል» አልኳቸው፣ «ጧፍ አያውቁም እንዴ?»
ተቆጡ።
በማግስቱ ተመልሰው መጡ።

የተማሪ መንጋ የመጣ ለታ አንዲት ትንሽ ልጅ
ወለሉ ላይ ተንጋልላ፣ አንገቷን ዘቅዝቃ፣
«ከዚህ ሲታይ ይስቃል» አለች። አስተማሪዋ ጎተታት።
ሁሉም ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጌ፣
በዚህ ዕድሜዬ፣ ወገቤ እየተንቋቋ፣ ተንጋለልኩ።
አልሳቀም።
ጣሪያው ላይ ግን የሸረሪት ድር አየሁ።

አንድ ሴት ነበረች፣ ስሟን ያልነገረችኝ።
ጭረቱ ፊት ቆማ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች፦
«ውሃው እስከዚህ ነበር።»
ደቻቱ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣
ደጋ የዘነበው በሌሊት ሲደርስ።
መንካት ክልክል ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤
የነካችው ግን ራሷን ነበር።

ለኢፍራህ ነገርኳት። «ጎርፍ አላሰብኩም» አለች፣
«ቀለሙ አልደርቅ ብሎኝ፣ ተናድጄ ነው የፋቅሁት።»
«ሴትዮዋ ተሳስታለች ወይ?»
«እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለችኝ።
የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ የእኔን አተያይ ልንገርህ፣ ከሰማኸኝ።
ስምንት ሰዓት ላይ ና፣ ድሬ በሯን ዘግታ ስትተኛ፣
ከቬንትሌተሩ በቀር የሚናገር ሳይኖር።
ተጠጋ፤ የብሩሽ ፀጉር ታገኛለህ፣
ቀለሙ ይዟት የደረቀች ዝንብም አለች።
ከዚያ ራቅ፣ እስከ በሩ።
ምንድን ነው አትበል። ጠብቅ።
ባቡር ከሽንሌ ሜዳ ሲመጣ መጀመሪያ ነጥብ ነው፤
ባቡር ነው አይባል፣ አይደለም አይባል፣
ሐሩሩ ላይ ይንቀጠቀጣል።
ሥራዬን የወደድኩት ለዚያች ነጥብ ነበር፣
ስም ከማግኘቷ በፊት።
ያቺ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ እንደዚያ ናት፤
እስካሁን አልደረሰችም።

ሲመሽ ደግሞ፣ ይኼን ፋኖስ የያዘ ያውቃል፣
ቀድሞ የሚጠቁረው ቀዩ ነው፤ ሰማያዊዋ ትዘገያለች።
መብራት ሳላበራ እቆያለሁ።
ቁልፉ እጄ ላይ ይሞቃል።

አርባ ቀን ፊቱ ዋልኩ፤
አንድም ቀን ቁም አላለኝም።
የቆምኩት እኔ ነኝ።